ዶሮዋ ደግሞ በራች

ለመጀመሪያ ጊዜ የበራችው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ይዤ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጆቹ እስኪያልፉልኝ ቆሜያለሁ። ከኋላ የተቀመጠችው የሰባት ዓመቷ ልጅ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቷን አስግጋ «እማማ፣ መኪናው ላይ ዶሮ በራች» አለችኝ። የሞተር ሥዕል ያለባት የማስጠንቀቂያ መብራት ናት፤ ቢጫ፣ የጥፍር ያህል። ልብ ብሎ ላያት ግን ምንቃርም ጅራትም አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሟ ዶሮዋ ሆነ። «ዶሮዋ ዛሬ እንዴት ዋለች?» እየተባባልን ዓመት ከመንፈቅ አብረናት ከረምን።

ይህን የምጽፈው የናፍጣ መኪና ኖሯቸው ይህችኑ መብራት አሥር ጊዜ አስጠፍተው አሥራ አንደኛ ለበራችባቸው ነው። መካኒክ አይደለሁም። 31 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን አዳማ ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ። ነገሩ ከሞላ ጎደል ሳስተምረው የኖርኩት ኬሚስትሪ ሆኖ ሳለ ለመረዳት ይህን ያህል መዘግየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2012 አውሮፓ ውስጥ የተሠራች፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ በእጅ ማርሽ የምትነዳ ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ እኔን የገጠመኝ ሌላ ስም ባላት መኪና ላይም ይገጥማል። የገዛኋት ከውጭ ጠቅልለው ከገቡ ባልና ሚስት ነው። ስረከባት 148,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ሰውየው «በየቀኑ 60 ኪሎ ሜትር በፈጣን መንገድ ሥራ እመላለስባት ነበር፤ አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም» አለኝ። አልዋሸኝም። እኔ ቤት ስትገባ ግን ኑሮዋ ተለወጠ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ከዚያ እስከ ሱቄ አንድ ኪሎ ሜትር፤ ከሰዓት በኋላ ያንኑ መመለስ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መሃል ሳይደርስ አጠፋታለሁ። የሩጫ ፈረስ ገዝቼ የውኃ ጋሪ አስጎትት ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ ነው። አንድ ወጣት ከመሪው ሥር የኮምፒውተሩን ገመድ ሰካ፣ ሁለት ጊዜ ተጫነ፣ ዶሮዋ ጠፋች። 500 ብር። «አለቀ እትዬ፣ ሰንሰር ተሳስቶ ነው።» በዘጠነኛው ቀን በራች። ሌላ 500። ከዚያም ሌላ። በአራተኛው ጊዜ ግን ብቻዋን አልመጣችም፤ ነጠብጣብ የሞላበት ማርሚታ የሚመስል ሌላ መብራት አስከትላ መጣች። መኪናዋም አቅም አጣች። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ከ3,000 ዙር በላይ አልወጣም አለች፤ ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ቀደመኝ። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲል ሆን ብሎ አቅሙን እንደሚቀንስ የገባኝ ኋላ ነው። ያን ዕለት የመሰለኝ ሞተሩ ያለቀለት ነው።

ያኔ የጋራዡ ባለቤት ራሱ ወጥቶ አነጋገረኝ። ስለ ማርሚታው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ፊልትሮ ለእኛ አገር አይሆንም። ውስጡን ሰብረን እናወጣዋለን፣ መልሰን እንበይደዋለን፤ ከውጭ ለሚያየው ምንም አያስታውቅም። ኮምፒውተሩንም እናሳምነዋለን።» ዋጋው 18,000 ብር። «እናሳምነዋለን» የምትለዋን ቃል ወደድኳት። እውነቱን ለመናገር ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩበት፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነውና።

ያልተስማማሁበትን ምክንያት ለመናገር ወደ እናቴ ወጥ ቤት መመለስ አለብኝ። ያደግሁበት ቤት ጣሪያው ሥር ጥቀርሻ እንደ ሸረሪት ድር ይንጠለጠል ነበር። እናቴ በዓል ሲደርስ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራ ታራግፈዋለች። ሲወርድ ድምፅ የለውም፤ ጣት ከነካው ግን በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ናፍጣም ሲቃጠል የሚተወው ያንኑ ነው፤ በአብዛኛው ካርቦን። ልዩነቱ የናፍጣው ቅንጣት እጅግ ስለሚደቅ ሳንባ ጥግ ድረስ መዝለቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ሰኔ 2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ምድብ አስገብቶታል፤ መኪናዬ በተሠራችበት ዓመት መሆኑ ነው።

ማርሚታው መስመር ላይ ያለው ፊልትሮ፣ ባለሙያዎቹ ዲፒኤፍ የሚሉት፣ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ መሰል ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ በፊት፣ ጎረቤቱ በኋላ ተደፍነዋል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ሰርጎ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ ጥቀርሻው ወዲህ ይቀራል። ሲጠራቀም ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ያስረጭና የፊልትሮውን ሙቀት 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያደርሰዋል፤ ጥቀርሻው ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። እናቴ በጨርቅ የምታራግፈውን ይህች በእሳት ታራግፋለች። ለዚህ ግን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳትቋረጥ መሄድ ይኖርባታል። የእኔ መንገድ ስድስት ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ውስጡ ተሰብሮ ቢወጣ ያ ሁሉ ጥቀርሻ ወዴት ይሄዳል? ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከተሰለፉት መኪኖች ኋላ የሚቆሙትን ልጆች አያቸዋለሁ፤ አፍንጫቸው ከማርሚታው ብዙም ከፍ አይልም። ጎረቤቴ ደግሞ ሊያግባባኝ ፈልጎ «ጀርመኖቹ ራሳቸው አጭበርብረው የለም እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 ቮልስዋገን ምርመራ ላይ መሆኑን ለይቶ የሚያውቅ ሶፍትዌር መጫኑ ተጋልጧል፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ላይ። ኮምፒውተርን ማሳመን የተጀመረው አዳማ አይደለም ማለት ነው። ጎረቤቴ ይህን ያነሳው እንድለዝብ ነበር፤ እኔን ግን እልህ ያዘኝ።

ሌላው ሁሉም ሰው በነጻ የሚያድለው ምክር «ረጅም መንገድ ይውሰዷት፣ ራሷን ታጸዳለች» የሚል ነው። ነሐሴ ላይ ደብተር ላመጣ መርካቶ ወሰድኳት። በፍጥነት መንገዱ ሄድኩ፣ በፍጥነት መንገዱ ተመለስኩ። ሁለቱም መብራቶች እንደበሩ ቤት ገባሁ። ምክሩ በራሱ ስህተት አልነበረም፤ ከመነገሩ በፊት መታየት የነበረበት አንድ ነገር ሳይታይ ቀርቶ ነው።

ያን ነገር ያየው ሌላ መካኒክ ልጅ ነው። የሱቄ ደንበኛ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ጠቁሞኝ መስከረም 2016 ላይ ወሰድኳት። ልጁ ገመዱን ከመሰካቱ በፊት «መምህር፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ እንጂ ምንም አላለም። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አነበበና ካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈልኝ፤ ፒ2002። ትርጉሙ የፊልትሮው ብቃት ከሚጠበቀው በታች ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ «ፊልትሮው ሞቷል» ብሎ ያነበበው ይህንኑ ነበር። ልጁ ግን ኮዱን አላጠፋውም። ሞተሩን አስነስቶ ዙሩን 2,500 ላይ ያዘና ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት ተመለከተ። «ሞልቷል የተባለ ፊልትሮ ግፊቱ መውጣት ነበረበት» አለ። «ይህ ግን ከባዶ ቱቦ አይለይም። ኮምፒውተሩ ፊልትሮው ከነጭራሹ የለም ብሎ ነው የሚያስበው።»

ኮፈኖውን ከፈተና ከሞተሩ ጀርባ እጁን ሰደደ። ከማርሚታው ወጥተው የግፊት መለኪያው ላይ የሚገቡ ሁለት የላስቲክ ቱቦዎች አሉ፤ ውፍረታቸው ከእርሳስ ብዙም አይበልጥም። አንደኛውን ነቅሎ አወጣው። ላስቲኩ እንደ ቋንጣ ደርቋል። ልጁ ብርሃን ወዳለበት አዞረውና በሁለት ጣቶቹ ጎነበሰው፤ በጀርባው በኩል የጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ሲለቀው ተከደነች። እንደገና ጎነበሰው፣ እንደገና ከፈተች። ዳር ዳሯ ላይ ጥቁር ዱቄት ነበር። ቀጥ ብሎ በቦታው እንዳለ ቢያዩት ደህና ቱቦ ነው። ሙቀት በመጣና ግፊት በጨመረ ቁጥር ግን በዚያች በኩል ያፈሳል፤ መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ይጠራጠራል፣ ዶሮዋን ያበራል፣ ጥርጣሬው ተመዝግቦ እስካለ ድረስም ጽዳቱን አልጀምርም ይላል። ጽዳት ስለሌለ ፊልትሮው በእውነት መሙላት ይጀምራል። መርካቶ ደርሼ መመለሴ ለምን ዋጋ እንዳጣ የገባኝ ያኔ ነው። ሐሰተኛ በሽታ እውነተኛውን አመጣው።

ሙቀት የሚችል ቱቦ 350 ብር፣ የእጅ ዋጋ 1,000። አሮጌውን ቱቦ ሱቅ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ «ፊልትሮ አስቆርጥ አሉኝ» የሚል ሰው ሲመጣ አውጥቼ እጎነብስለታለሁ። በዚያው ዕለት ልጁ መኪናዋን ግቢው መሃል አቁሞ፣ ከሥሯ ያለውን ጭድና ደረቅ ሣር አንድ ሳያስቀር ጠርጎ፣ በኮምፒውተሩ ጽዳቱን አስጀመራት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ማርሚታው አጠገብ መቆም አይቻልም ነበር፤ አየሩ እንደ ምጣድ አናት ይንቀጠቀጣል። ደረቅ ሣር ላይ መኪና ማቆም የተውኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ኅዳር ላይ ዶሮዋ ተመለሰች፤ ኮዱ ሌላ ነው፣ ፒ0401። ይህኛው ኢጂአር የሚባለውን ክፍል ይመለከታል፤ ሞተሩ ያስወጣውን ጭስ በከፊል መልሶ እንዲስብ የሚያደርገውን ቫልቭ። ለመስማት እብደት ይመስላል፣ ምክንያት ግን አለው። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ሰነፍ ጋዝ ነው ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። የቃጠሎው ሙቀት ልክ ሲያልፍ ግን ስንፍናውን ትቶ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ሳንባን የሚያስቆጣ መርዝ ይሆናል። የተቃጠለ ጭስ ተመልሶ ሲገባ ቃጠሎው ይቀዘቅዛል፣ ናይትሮጅኑም ይተኛል። ቃጠሎው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥቀርሻ ይበዛል። አንዱን ሲያስታግሡ ሌላው ይነሣል። እንደ እኔ ሞተሩን ሳያሞቅ የሚያጠፋ ሰው ሲጨመርበት ቫልቩ ራሱ ይታፈናል።

ልጁ ፈትቶ ሲያሳየኝ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልለየሁትም። አውራ ጣት ማስገባት የነበረበት ቀዳዳ ትንሿን ጣቴን አያስገባም። ጥቀርሻው ከዘይት ትነት ጋር ተቦክቶ እንደተረሳ ገንፎ ድስቱ ላይ ደርቋል። በእንጨት ፈቀፈቀው፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፈው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገው። 1,500 ብር። ሚያዝያ ላይ ደግሞ አንድ የሙቀት ሰንሰር ተበላሸ፣ ተቀየረ፤ ስለ እርሱ የሚወራ ነገር የለም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን መብራት ያላበራው ነገር ነው። የካቲት ውስጥ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ባወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። ሞተር ዘይት ሲበላ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዘይት ሲወልድ ግን አልሰማሁም። አሸተትኩት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልትሮውን ለማሞቅ ተብሎ ዘግይቶ የሚረጨው ናፍጣ ሁሉም ተቃጥሎ አይወጣም፤ ጥቂቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዞ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ጽዳቱ ከዳር ሲደርስ ይህ ጥቂት ነው። እኔ ግን በየስድስት ደቂቃው አቋርጣታለሁ፤ እርሷም በነጋታው እንደገና ትጀምራለች። እንጀራ ልትጋግር እሳት ባነደደች ቁጥር ውኃ የምደፋባት ሆንኩ። በናፍጣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ቱርቦንና ኩሽኔታን ይጨርሳል። ያን ቀን ዘይቱን አስቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ተራው ሳይደርስ በፊት አስቀይራለሁ።

ዘይት ስገዛም ተከራከርኩ። ሻጩ የከባድ መኪና ዘይት አቀረበልኝና «ለናፍጣ ነው፣ ምን አለበት?» አለኝ። ሁሉም ዘይት ሲቃጠል ከውስጡ ካሉት ካልሲየምና ዚንክን ከመሳሰሉ ነገሮች አመድ ይተዋል። ጥቀርሻ ይቃጠላል፤ አመድ ግን ከተቃጠለ ነገር የቀረ ነው፣ ምንም ያህል ቢያነዱት ከፊልትሮው አይወጣም። ስለዚህ አመዱ ያነሰ ዘይት ያስፈልጋል፤ ጣሳው ላይ «ሲ3» የሚል ምልክት አለው። የእኔ መኪና መጽሐፍ የሚያዝዘው እርሱን ነው። ሻጩ «እትዬ፣ ዘይት ዘይት ነው» ሲለኝ «ጥቀርሻና አመድ አንድ ናቸው ያለህ ማነው?» ብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ሱቅ አገኘሁት፤ በእጥፍ ዋጋ። ናፍጣውን በተመለከተ ምርጫ የለኝም። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ መኪናዋ የተሠራችው ያንን እንድትጠጣ ነው። በእኔ እጅ ያለው ሰልፉ ቢረዝምም ከበርሜል አለመግዛት ብቻ ነው።

መንገዱ ላይ ልመለስ፤ የተማርኩት ከሁሉም የሚበልጥ እዚያ ነው። ልጁ ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አንድ ትንሽ ዕቃ አስገዛኝ፤ 1,200 ብር። ፊልትሮው ስንት በመቶ እንደሞላና ስንት ዲግሪ እንደሞቀ ያሳያል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አለፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን የፍጥነት መንገድ ሁላችንም ለጥ ያለ ሜዳ አድርገን ነው የምናየው፤ መኪናዋ ግን ታውቀዋለች። ሽቅብ ስሄድ፣ አራተኛ ማርሽ፣ 2,500 ዙር፣ ሞተሩ ሸክም አለበት፤ ጽዳቱ ከጀመረ ሙቀቱ 600 ላይ ቁጭ ይላል፣ የሞላው መቶኛም እያየሁት ይወርዳል። ስመለስ ቁልቁል ነው። እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ የሚቃጠል የለም፣ ማርሚታው ይቀዘቅዛል፣ ቁጥሩ 300 ይገባል፣ ጽዳቱ ይንገዋለላል። ያንኑ ኪሎ ሜትር ሄጄ ግማሽ ሥራ። እንግዲህ የሚሠራው መሄጃው ነው።

ስለዚህ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ድረስ እወጣለሁ። ለመኪና ሲባል ብቻ ናፍጣ ማቃጠልና የመንገድ ክፍያ መክፈል ኅሊናዬን ስለከበደው ምክንያት ፈጠርኩለት፤ እንቁላል እገዛለሁ። ቢሾፍቱ የዶሮ እርባታ አገር ነው፣ ከአዳማ ይረክሳል። ልጅቷ ምሥጢሩን ደርሳበታለች፤ «ዶሮዋ እንዳትበራ እንቁላል ትገዛለሽ» ትለኛለች። ጽዳቱ ሳያልቅ አዳማ ከገባሁም አላጠፋትም። ቆማ ሳለች የሞተሩ ዙር ከወትሮው 800 ወደ 1,000 ከፍ ብሎ ከቆየና የጋለ ብረት ሽታ ከመጣ አልጨረሰችም ማለት ነው፤ ወደ ወንጂ መንገድ አዙሬ ሌላ አሥር ደቂቃ እነዳታለሁ። ሱቁ ይጠብቅ።

የእህቴ ልጅ «ሽጫትና ኤሌክትሪክ ግዢ» ይለኛል። በ2016 ዓ.ም. ጥር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዳማም ድምፅ የሌላቸው መኪናዎች በዝተዋል፤ ሁለት ጊዜ ጀርባዬ ደርሰው አስደንግጠውኛል። ይኖረኝ ይሆናል አንድ ቀን። እስከዚያው እዚህ አገር የገቡት የናፍጣ መኪናዎች የትም አይሄዱም፤ ከእነ ፊልትሯቸው ይኑሩ ወይስ ከእነ ጥቀርሻቸው የሚለውን የሚወስነው እያንዳንዱ ጋራዥና እያንዳንዱ ባለቤት ነው።

ጥቅምት 2017 ላይ ኢጂአሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ታፍኖ ነበር፤ ከዓመት በፊት እንደሆነው ሁሉ ተፈቅፍቆ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተፈትጎ ገባ። ልጁ «ይህ የዓመት ሥራዎ ነው መምህር፣ እንደ ቦሎ ይቁጠሩት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዶሮዋ አልበራችም። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ ያየሁት 64 በመቶ ነው። ቅዳሜ 1 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ፤ ሰፈር ያላችሁ፣ እንቁላል የምትፈልጉ ዓርብ ማታ ብዛቱን ንገሩኝ።